የዲማ ጸጥታ

(በተማሪዎች ማኅበራችን የማታ ስብሰባ ላይ የተነገረ)



ዛሬ ማታ የምናቀርብላችሁ ንግግር ስለ አንድ አጭር ጉዞ ነው። ሩቅ አገር አልሄድንም። በ2015 ዓ.ም. ጥር 15 ቀን ከዚህ ከደብረ ማርቆስ ተነሥተን፣ በደጀን ዞረን፣ ቢቸናን አልፈን፣ እስከ ዲማ ጊዮርጊስ ደርሰን፣ ሁለት ሌሊት ዐድረን ተመለስን፤ ይኸው ነው። አራት ነበርን፤ ሁለታችን የምሕንድስና፣ አንዳችን የሕግ፣ አንዳችን የእርሻ ትምህርት ተማሪዎች። ያን ጊዜ ገና የአንደኛ ዓመት ተማሪዎች ስለ ነበርን ነገሩ እዚህ መድረክ ላይ የሚወጣ አልመሰለንም ነበር። ነገር ግን በዚያች ከተማ አንድ ጥፋት አጥፍተን መጥተናል፤ ያልከፈልነውም ዕዳ አለብን። ስለዚህ ከዘገየም በኋላ ቢሆን መናገሩ ግድ ሆነብን።

የጉዞው ሐሳብ የመጣው ከጃፓን ነው ብንላችሁ ትስቁ ይሆናል። ከመካከላችን አንዱ አንድ መንገደኛ ስለ ጃፓን ገጠር የጻፈውን አግኝቶ ማታ ማታ ያነብልን ነበር። ጠባብ መንገድ፣ የእንጨት ቤቶች፣ ውሃ የሞላው የሩዝ ማሳ፣ ደጇን የምትጠርግ አንዲት አሮጊት፣ ከዚያም ሌላ ምንም የማይሰማበት ጸጥታ። መንገደኛው ጸጥታውን ሲያመሰግን አይጠግብም። እኛ ደግሞ ይህን የምንሰማው በአንድ ወገን ሙዚቃ፣ በሌላ ወገን የእግር ኳስ ክርክር በሚጮኽበት መኝታ ቤት ውስጥ ነበርና ምንኛ እንደ ቀናን መናገር አያስፈልግም።

ወደ ጃፓን ማየት ለኢትዮጵያውያን ዐዲስ ነገር አይደለም። ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ በ1924 ዓ.ም. ወደዚያ ተልከው ሄደው ያዩትን «ማኅደረ ብርሃን፤ ሀገረ ጃፓን» ብለው ጽፈውልናል። ከበደ ሚካኤልም በ1946 ዓ.ም. «ጃፓን እንደምን ሠለጠነች» የሚለውን መጽሐፍ አሳትመዋል። ከአዲስ አበባ የመጣችሁ ሁሉ ዓባይን የተሻገራችሁበት 303 ሜትር የሚረዝመው ዐዲሱ ድልድይም በጃፓን መንግሥት እርዳታ ተሠርቶ በ2000 ዓ.ም. መጨረሻ የተከፈተ ነው። አባቶቻችን ወደዚያች አገር የተመለከቱት ለሥልጣኔ ነበር፤ እኛ ተመልካቾች ነን ብለን የተነሣነው ግን ለጸጥታ ሆነ! የሕጉ ተማሪ ይህን አይቶ፣ «የጃፓንን ጸጥታ ለማየት የአውሮፕላን ገንዘብ ይጠይቃል፤ የጎጃምን ለማየት የአውቶቡስ ይበቃል» ሲል ፈረደ። ፍርዱን ይግባኝ ያለበት የለም።

ለምን ዲማን መረጥን? መልሱን ታውቁታላችሁ። ዲማ ማለት ለእኛ «ፍቅር እስከ መቃብር» ነው። ክቡር ሐዲስ ዓለማየሁ የተወለዱት እዚሁ አጠገባችን እንዶዳም ኪዳነ ምሕረት ሲሆን የቤተ ክህነት ትምህርት ከተማሩባቸው ቦታዎች አንዱ ዲማ ነው። መጽሐፉ በ1958 ዓ.ም. ከታተመ ጀምሮ፣ ይልቁንም ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ ከተረከው ወዲህ፣ ዲማን ያላየ ሰው እንኳ ያየ ይመስለዋል። በዛብህ ሰብለ ወንጌልን ያስተማረበትን፣ ፊታውራሪ መሸሻ የተቈጡበትን፣ ጉዱ ካሣ የተናገረበትን አገር ከዚህ ሳንርቅ ተቀምጠን ሳናየው መቅረታችን አሳፈረን።

ስለ መንገዱ ብዙ አንናገርም። ሉማሜን፣ የትኖራን፣ ደጀንን ታውቋቸዋላችሁ። ከደጀን ወደ የትመንና ወደ ቢቸና ሲታጠፉ ግን አንድ ነገር አለ፤ ጥር ስለ ነበር በግራም በቀኝም ውድማው ሁሉ ሥራ ላይ ነበር። በሬዎቹ በክምሩ ዙሪያ ይዞራሉ፣ መንሹ ይነሣል፣ ገለባው በነፋስ ይሄዳል፣ ጤፉ ይቀራል። የእርሻው ተማሪ ስለ ጥቁር አፈር ጠባይ ትምህርቱን ጀመረልን፤ ከፊታችን የተቀመጡ አንድ ሽማግሌም ዞረው፣ «ልጄ፣ ልክ ነህ፤ ግን ክረምት መጥተህ ጫማህን ውጦ ሲያስቀርብህ ብታየው ይበልጥ ይገባሃል» አሉት። እስከ ቢቸና ድረስ አፈር የሚል ቃል ከአፉ አልወጣም።

ዲማ የደረስነው በቀትር ነው። ፀሐዩ መካከል ላይ ቆሟል። መንገዱ ላይ አንድ አህያ፣ አንድ የተከፈተ በር፣ ከአንድ ጣራ የሚወጣ ቀጭን ጢስ፤ ከዚያ በላይ የቤተ ክርስቲያኑ ጽድ። ሰው የለም። ድምፅ የለም። የሕጉ ተማሪ ሻንጣውን አስቀምጦ እጁን ዘረጋና «ይኸው ጃፓን!» አለ። ስልኮቻችንን አውጥተን አህያዋን ሳይቀር ፎቶግራፍ አነሣን። አሁን ፎቶግራፎቹን ስናያቸው የሚያሳዩት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ሰዎቹ ሁሉ ውድማ ወርደው እንደ ነበር።

ማደሪያ ስንጠይቅ አንዲት እናት ከደጃቸው ሆነው ጠሩን። «የእግዜር እንግዳ በደጅ ይቆማል እንዴ? ግቡ ልጆቼ» አሉን። ገባን። ውሃ አሙቀው እግራችንን ሊያጥቡ ጐንበስ ሲሉ አራታችንም ተነሥተን «ኧረ እማማ፣ በጊዮርጊስ!» ብለን ለመንን። «ተዉ እንጂ፣ በረከቴን አትከልክሉኝ» ብለው እምቢ አሉ። በየመንደሩ የቧንቧ ውሃ እንዴት እንደሚዘረጋ ለማጥናት የገባ የምሕንድስና ተማሪ፣ በአንዲት አረጋዊት እናት እጅ ከሩቅ ምንጭ በተቀዳ ውሃ እግሩን ሲታጠብ የት እንደሚያይ ይጨንቀዋል። ጣራውን አየ።

ቤቱ ለአንድ ሰው ሰፊ ነበር። ብቻቸውን የሚኖሩ ስለ መሰለን ስለ ልጆቻቸው ጠየቅናቸው። አንዱ አዲስ አበባ የቀን ሥራ ላይ ነው፤ አንዷ ዐረብ አገር ናት፤ ሌላው ባሕር ዳር ነው። «ሁሉም ደኅና ናቸው፤ ይደውሉልኛል» አሉ፤ ስልካቸውንም ከመቀነታቸው ፈትተው አሳዩን። ከዚያም ያለ ወትሯቸው አራት ሰው የሚበላበት መሶብ በመቅረቡ ደስ ብሏቸው እስክንጨነቅ አጐረሱን።

ያን ሌሊት መደቡ ላይ ተኝተን ስለ ጃፓኑ ጽሑፍ ተነጋገርን። ያ መንገደኛ ሳይነግረን ያለፈው ነገር ነበረ። በጃፓን ገጠር ጸጥታው የበዛው ወጣቱ ወደ ትላልቆቹ ከተሞች ስለ ሄደና የሚወለደው ልጅ ስላነሰ ነው። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2014 አንድ የጥናት ጉባኤ እስከ 2040 ድረስ ሊጠፉ ይችላሉ ያላቸውን ከተሞችና መንደሮች ሲዘረዝር 896 ደርሰው ነበር። በሺኮኩ ደሴት ናጎሮ የምትባል መንደር አለች፤ በሄዱትና በሞቱት ሰዎች ምትክ በሰው ቁመት የተሠሩ አሻንጉሊቶች በየደጁና በየማሳው ተቀምጠውባታል። ትምህርት ቤቷም ተማሪ አጥቶ በ2012 ተዘግቷል። ደጇን የምትጠርገው አሮጊት፣ ለመንገደኛው ሥዕል የሆነችለት፣ ልጆቿ የት እንዳሉ አልጠየቃትም። ዲማ ናጎሮ አይደለችም፤ ልጅ ሞልቶባታል። ሆኖም የእማማ ቤት ጸጥታ ከዚያኛው ጋራ ዘመድ መሆኑ በጨለማው ውስጥ ታወቀንና አንዳችንም አልተናገርንም።

አሁን ወደ ጥፋታችን እንምጣ።

በማግሥቱ ማክሰኞ ማለዳ ከተማዋን ለማየት ወጣን። በመጀመሪያ የፊታውራሪ መሸሻን ቤት ፈለግን! አንድ በዕድሜ የገፉ ሰው አግኝተን ብንጠይቃቸው ምርኩዛቸው ላይ ተደግፈው ፈገግ አሉ። «ከእናንተ በፊትም የጠየቁኝ አሉ። በመጽሐፍ የኖረ ሰው ቤቱ በመጽሐፍ ነው፤ እዚያው ፈልጉት» ብለውን አለፉ። በዚህ ተቀጥተን መመለስ ይገባን ነበር። አልተመለስንም።

ከቤተ ክርስቲያኑ ዐጸድ ወጣ ብሎ ካለ አንድ ዛፍ ሥር አንድ ሰው ጋቢውን እስከ ዐናቱ ተከናንቦ ተቀምጦ አየን። አይንቀሳቀስም። ታሞ ይሆን ብለን ዐሰብን፤ እውነቱን ለመናገር ግን ሥዕሉ ያምራል ብለንም ነበር። ፎቶግራፍ ካነሣን በኋላ ቀረብ ብለን አራታችንም ባንድ ድምፅ «እንደምን ዐደርክ! ደኅና ነህ ወይ?» አልነው።

ጋቢው ተገለጠ። የእኛው እኩያ የሚሆን ልጅ ነው። ለጥቂት ጊዜ አየንና «እግዚአብሔር ይመስገን» አለ። ከዚያም ለራሱ እንደሚናገር ሆኖ፣

«ሄደ» አለ።

«ማን ሄደ?»

«ስድስተኛው ቤት።»

ከምሕንድስናዎቹ አንዱ ዘወር ብሎ ወደ ቤቶቹ ተመለከተ። ልጁ ይህን ሲያይ መሣቅ ጀመረ፤ ሲሥቅ ጊዜ ነው ያደረግነው የገባን። የቅኔ ተማሪ ነበር። መወድስ እየቈጠረ ነበር። መወድስ ስምንት ቤት አለው፤ አምስቱን ጨርሶ፣ ስድስተኛው ከብዙ ድካም በኋላ ሊመጣለት ሲል እኛ ደረስን።

ከመካከላችን የቤተ ክህነትን ትምህርት የማያውቅ ቢኖር ጥቂት እናስረዳ። የቅኔ ተማሪ ወረቀት ይዞ አይጽፍም። ተከናንቦ ብቻውን ይቀመጥና ቃሉን፣ ዜማውን፣ ሰሙንና ወርቁን ሁሉ በልቡ ያበጃል፤ ይህም ቆጠራ ይባላል። ያበጀውንም ለመምህሩ ይነግራል፤ መምህሩ ያርመዋል፣ ወይም ይጥለዋል። ትናንት የተባለ ቅኔ ዛሬ አይደገምም። የቅኔ ተማሪ ደብተሩ ልቡ ስለ ሆነ፣ በቆጠራ ላይ ያለውን ሰው መጥራት ማለት በፈተና አዳራሽ ውስጥ የተማሪን ወረቀት ነጥቆ መቅደድ ማለት ነው። ጎንጅና ዋሸራ የሚባሉት የቅኔ ቤቶች ሁለቱም የጎጃም ናቸው፤ በጎጃም ምድር እየተማርን ይህን ለማወቅ የሰው ቅኔ ማፍረስ አስፈለገን።

ያን ጊዜ ቀና ብለን ዙሪያውን ብናይ፣ ባዶ መስሎን የነበረው ሜዳ ባዶ አልነበረም። እዚያ ከግንቡ ሥር አንድ ጋቢ፣ እዚያ ከቋጥኙ አጠገብ ሌላ፣ ከዚያም ወዲያ ሌላ። ጸጥታው በሰው የተሞላ ነበር። እኛ ጸጥታ ያልነው ነገር ለእነርሱ የሥራ ሰዓት ኖሯል።

ይቅርታ ስንጠይቀው፣ «ግድ የለም፤ እንግዳ ናችሁ። ማታ ከየኔታ ዘንድ ኑ» አለን። የሕጉ ተማሪ ለፍርድ የተጠራን መሆኑን ወዲያው ዐወቀ።

ማታ በፍርሃት ሄድን። ተማሪዎቹ የኔታን ከበው በጨለማ ተቀምጠዋል፤ ፊታቸው አይታይም፣ ድምፃቸው ብቻ ይሰማል። ተራ በተራ ነገሩ። የእኛው ሰው ተራ ሲደርስ መወድሱ እንዳልተሟላለት ተናገረና በምትኩ አጭር ጉባኤ ቃና፣ ሁለት ቤት ብቻ፣ አለ። ከግእዙ የያዝነው «ጴጥሮስ» የሚለውን ስም ብቻ ነው። ጉባኤው ግን «ይበል! ይበል!» ብሎ ተንጫጫ፤ ሣቁም ወደ እኛ በኩል መጣ። የኔታ ተርጉመው ነገሩን። ሰሙ፤ ጴጥሮስ ሌሊቱን ሁሉ ሲደክም ዐድሮ በንጋት ዓሣው ወደ መረቡ ሲጠጋ መንገደኞች መጥተው ባሕሩ ላይ ድንጋይ ጣሉ የሚል ነው። ወርቁን ግን ሳይተረጉሙልን ዐወቅነው።

ቀጥለው የኔታ፣ «እናንተስ ልጆቼ ምን ትማራላችሁ?» አሉን። ነገርናቸው። «ደግ ነው። ታዲያ ከተማራችሁት አንዱን ንገሩን፤ ከዚህ ቤት ገብቶ ሳይነግር የሚወጣ የለም» አሉ።

ወገኖቼ፣ ከዚያ የከበደ ፈተና እስከ ዛሬ አልገጠመንም። ማስታወሻ የለ፣ ሰሌዳ የለ። የሕጉ ተማሪ ዝም አለ። የእርሻው ተማሪ ስለ አፈር ለመናገር አፉን ከፈተና የአውቶቡሱን ሽማግሌ አስታውሶ ዘጋው። በመጨረሻ አንዱ ምሕንድስና ተነሥቶ ስለ ዓባይ ድልድይ ተናገረ። ጋቢ አጥፎ እንደ ምሰሶ አቆመ፤ ገመድ አስያዘ፤ መንገዱ ወደ ታች ሲጫን ገመዱ እንዴት እንደሚወጠር፣ ገመዱ ደግሞ ጭነቱን ወደ ምሰሶው እንዴት እንደሚወስድ፣ ምሰሶውም ከሥሩ ላለው ዐለት እንዴት እንደሚያስረክብ ሁለት ተማሪዎችን ገመድ እያስያዘ አሳየ። አንዱን ልጅ «ልቀቅ» ሲለው ሁሉም ወደቀ፤ ጉባኤውም ደስ አለው። ጥያቄ በጥያቄ ላይ መጣ። ዐለቱ ቢላላስ? ገመዱን ዝገት ቢበላውስ? በክፍላችን ውስጥ እንዲህ ያለ ጥያቄ ጠይቀን አናውቅም ነበር፤ መልሱን ያላወቅነውንም «አናውቅም» ብለን አለፍን። የኔታ እስከ መጨረሻው አዳምጠው፣ «ታዲያ የሚታየው ገመዱ ነው፣ የሚሸከመው ግን ከታች ያለው የማይታየው ነው በሉኛ» አሉ። ተማሪዎቹ አሁንም «ይበል!» አሉ፤ በዚህ ጊዜ ግን እኛም አብረን አልን።

በማግሥቱ ረቡዕ ጧት ያ ተማሪ እስከ መንገዱ ሸኘን። አኮፋዳውን አንግቷል፤ ለውሻ የሚሆን በትርም ይዟል፤ እኛን ሸኝቶ ሊለምን ወደ መንደር መውረዱ ነው። አገሩ ወሎ ነው። በመንገድ ላይ፣

«እናንተን ማን ይመግባችኋል?» አለን።

መንግሥት ነው አልነው፤ ከ1996 ዓ.ም. ወዲህ ግን የወጪ መጋራት የሚባል ውል ስላለ ተምረን ሥራ ስንይዝ ከደመወዛችን እንከፍላለን ብለን አስረዳነው።

«እኔንም እነዚህ ናቸው» አለ፤ በበትሩ ወደ ቤቶቹ አመለከተ። «የእኔ ውል አልተጻፈም። የእናንተ ሲጠፋ ምን ይሆናል?»

የሕጉ ተማሪ መልሱን ሊሰጥ ጀመረና ውሉ እንዳይጠፋ ተብሎ በብዙ ቅጂ እንደሚያዝ ተናገረ። ልጁ ራሱን ነቀነቀ። በቂ መልስ እንዳልሆነ አራታችንም ዐወቅን።

ስለዚህ ነገር በኋላ ስንነጋገር አንድ የጃፓን ባለ ቅኔ ትዝ አለን። ማትሱኦ ባሾ ይባላል። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1689 ከአንድ ደቀ መዝሙሩ ጋራ በእግሩ ወደ ሰሜን ጃፓን ገጠር ሄዶ የጉዞውን ማስታወሻ ጽፏል። ይህ ሰው በየመንደሩ ሲያድር ከባለቤቶቹና ከአካባቢው ግጥም ዐዋቂዎች ጋራ ተቀምጦ በየተራ እየተቀባበሉ ግጥም ይገጥሙ ነበር። ዐሥራ ሰባት ድምፅ ብቻ ያላት አጭር ግጥማቸው ለጉባኤ ቃና እኅት ልትባል ትችላለች። እርሱም ስለ ጸጥታ ጽፏል፤ የጻፈው ግን ለአደረበት ቤት የሚሰጠው ነገር ይዞ ሄዶ ነው። እኛ ወደ ዲማ ስንሄድ በሻንጣችን የያዝነው የስልክ ኃይል መሙያ ነበር። እማማ ስንሰናበታቸው ገንዘብ ብንሰጣቸው ተቈጡን፤ ገንዘቡን ከመሶቡ ሥር ደብቀን ወጣን። ይህም ሁለተኛ ጥፋት ነው የሚሉ ከመካከላችን አሉ፤ ክርክሩ እስከ ዛሬ አልተቈረጠም።

የቀረው ዕዳው ነው። ያን ተማሪ ስንለየው ከደብረ ማርቆስ ምን እንላክልህ ብለነው ነበር። ጫማ ይለናል ብለን ጠብቀን ነበር። እርሱ ግን የአለቃ ኪዳነ ወልድ ክፍሌን መዝገበ ቃላት፣ በ1948 ዓ.ም. የታተመውን «መጽሐፈ ሰዋስው ወግስ ወመዝገበ ቃላት ሐዲስ»ን፣ በዐይኑ አይቶት እንደማያውቅ ነገረን። «ለእኔ ብቻ አይደለም፤ ለጉባኤው ነው» አለ። ለጥር 18ቱ የጊዮርጊስ በዓል እንድንቆይ የኔታ ለምነውን ሳለ ከመካከላችን አንዱ ፈተና ስለ ነበረበት ተመልሰናልና፣ ቢያንስ መጽሐፉን ይዘን ለሚያዝያ 23 እንመጣለን ብለን ማልንለት።

ሚያዝያ ሲደርስ ገንዘቡ አልሞላልንም። ሰኔ ላይ ከአዲስ አበባ አንድ አሮጌ ቅጂ አገኘን፤ ጀርባው ተነጥሎ ነበርና ጠረዝነው። በክረምቱ ልንወስደው ስንሰናዳ በሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ በክልላችን የአስቸኳይ ጊዜ ዐዋጅ ታወጀ፤ የሆነውን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። እማማም ስልካቸውን ሰጥተውን ነበር፤ ደጋግመን ደወልን፤ አንድ ጊዜ ብቻ ድምፃቸውን ሰማን፤ «ደኅና ነን፤ እናንተስ በላችሁ?» አሉን፤ ተቋረጠ።

መጽሐፉ በላስቲክ ተጠቅልሎ በመኝታ ቤታችን ሣጥን ውስጥ አለ። ወላጆቻችሁ በቢቸና ወይም በዚያ አካባቢ ያሉ፣ ለዕረፍትም ወደዚያ የምትሄዱ ወንድሞችና እኅቶች ብትኖሩ፣ ከስብሰባው በኋላ በበሩ አጠገብ ቆመን እንጠብቃችኋለን። ክብደቱ ብዙ ነው፤ እስከ አውቶቡሱ ድረስ እኛ እንሸከመዋለን። ዲማ የሚደርሰውም ሰው ከዛፍ ሥር የተከናነበ ሰው ቢያይ፣ እስኪገለጥ ድረስ ቆሞ ይጠብቅልን።